ጥሩምባው ይሰቀል ላልከኝ

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስትናገር ዝም ያልኩት ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። አጎት የእህቱን ልጅ በሰው ፊት አይሞግትም፤ ቢያሸንፍ ልጁን ያሳፍራል፣ ቢሸነፍ ራሱ ያፍራል። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ መነጽሬን ሰካሁና በወረቀት ጻፍኩልህ። "በቴሌግራም ብትልክልኝ ምን ነበረበት ጋሼ?" እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ብልክልህ ሁለት መስመር አንብበህ፣ የአውራ ጣት ምልክት መልሰህልኝ ታልፋለህ። ወረቀት ግን ታጥፎ ኪስህ ሲገባ እየቆረቆረ ያስታውስሃል።

ያልከው ነገር ሦስት ነበር። ጥሩምባው ይሰቀል፣ የሞት ወሬ በቴሌግራም ይነገር አልክ። ወርሃዊ መዋጮው በቴሌብር ይከፈል አልክ። ስብሰባውም በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በዓመት ሁለቴ ይበቃል አልክ። ወጣቶቹ አጨበጨቡልህ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት ተነሥተው "ልጆቻችንን ያደነዘዘው ይኸው ስልክ ነው" አሉ፤ አንተም "አባባ፣ ድሮ ቀርቷል" አልካቸው። ከዚያ ወዲያ የተነገረው ሁሉ ጩኸት ነው። እውነቱን ልንገርህና፣ የአንተም የእሳቸውም ንግግር አልጣመኝም።

እኔ ስልክን ጠላት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገር ግን አሮጌ ፍርሃት ሁሉ ሞኝነት ነው የሚለውንም አልቀበልም። በፈረንጆቹ 1894 አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ አገር ሲያስገቡ፣ ኋላም 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር ሲዘረጋ፣ ካህናቱ "የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው ንጉሡ እንዲያስወግዱት እንደለመኑ ይተረካል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። እኔም ስስቅ ኖሬአለሁ። አሁን አሁን ግን የካህናቱ ነገር ከነከነኝ። በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፣ ድምፅ ግን አለ። የሚናገረው ማን ነው? ከየት ነው? ማን ያውቀዋል? ሰይጣን ማለታቸውን ተውና ጥያቄያቸውን ያዝ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ድምፅህን ጥቂት ከሰማ በኋላ፣ በአንተው ድምፅ "እማዬ፣ ታስሬያለሁ፣ ቶሎ ብር ላኪልኝ" ሊላት ይችላል። እናትህን መክሬአታለሁ፦ እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣብሽ በሕፃንነቱ ምን ብለሽ ትጠሪው እንደነበር ጠይቂው፣ ካላወቀ ዝጊው ብያታለሁ። ያንን ስምህን አንተም እኔም ስለምናውቀው እዚህ አልጽፈውም፤ ታፍርበታለህ።

አሁን ወደ ጥሩምባው ልግባ።

ጥሩምባ ነፊያችንን አንተ የምታውቀው ሌሊት እንቅልፍህን ሲያቋርጥ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጥሩምባው ሲነፋ ብርድ ልብሱን ወደ ራስህ ትስባለህ። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚያደርገውን አይቻለሁ፤ አንድ ዘመን የዕድሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ። ሞት ሲሰማ ዝም ብሎ ጥሩምባውን አያነሣም። መጀመሪያ ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ ከቤተሰቡ አንዱን አዋቂ ያናግራል። ስም ከነአባት ይጠይቃል። ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ዕድሩ ዳኛ መጥቶ ይናገራል፤ ዳኛው "ንፋ" ሲሉት ነው የሚነፋው። ስለዚህ ጥሩምባው ሲነፋ የምትሰማው አየር ብቻ አይደለም። ሁለት ሰው በራሱ ስም የቆመለትን ነገር ነው የምትሰማው።

የድሮው አዋጅ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይል ነበር። እናንተ ሼር አድርጉ የምትሉት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ነጋሪቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ያለፈው ሐምሌ የሆነውን አስታውስ። አንተ ያን ሰሞን ለሥራ አዳማ ነበርክና ዝርዝሩን አልሰማህም። በሰፈራችን ሁለት ባሻ ነበሩ፤ አንዱ የእኛው ጎረቤት፣ አንዱ ከላይኛው መንደር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በቴሌግራም ቡድናችሁ ላይ አንድ መልእክት መጣ፦ "ባሻ አርፈዋል። ቀብር ነገ 6 ሰዓት።" በቃ። የአባት ስም የለ፣ ሰፈር የለ። እስኪነጋ ድረስ ሰማንያ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏል፤ የሻማ ሥዕል የለጠፈውን አልቆጥርም። ከሰማንያው አንድም "የትኛው ባሻ?" ብሎ የጠየቀ የለም።

ሲነጋ እኔም ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለኀዘን አዘቅዝቀው፣ ልጆቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ወደ ጎረቤታችን በር ደረስን። ገና ለቅሶው ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተ። ባሻ ነው። ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጥሎ፣ መፋቂያውን በአፉ ይዞ ቆሟል። ሰዉን አየ፣ የድንኳኑን ብረት አየ፣ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና "ውይ! ማን ሞተ?" አለ። መልስ የሚሰጠው ጠፋ። "ቆዩ፣ ነጠላዬን ይዤ ልምጣ" ብሎ ተመልሶ ሊገባ ሲል ነው አንዷ ሴት ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ያሰማችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ይህን ያህል ይሆናል ብለው የጠበቁ አይመስለኝም፤ ሰውዬው የራሱን ቀብር ሊቀብር ሲወጣ ነበር።

እዚህ ድረስ ያስቃል። ለወራት በየቡናው ስንስቅበት ኖረናል። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም።

ባሻ ኩዌት ሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ አለችው። ያቺ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ነበረች፤ ከሰፈሯ የቀራት ገመድ እሱ ነውና። ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት ያንን መልእክትና ሰማንያ ነፍስ ይማር አገኘች። ለአባቷ ደወለች፤ ባሻ ሲተኛ ስልኩን ያጠፋል። ለእናቷ እንዳትደውል እናቷ ቀድማ አርፋለች። ሌሊቱን ሙሉ በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና፣ አሠሪዎቿ እንዳይነቁ አፏን በፎጣ ይዛ ስታለቅስ አድራለች። ጠዋት እንደተለመደው ቁርስ አቀረበች። አባቷ በሕይወት መኖሩን የሰማችው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ልጄ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በስልክ አይነገርም። ውጭ አገር ላለ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ዋሽንግተን ይሁን ቴል አቪቭ ይሁን ዱባይ፣ ከዚህ የሚደወለው ለባለ መርዶው አይደለም። ለጓደኛው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ለጎረቤቱ ነው። እነሱ ተጠራርተው ማልደው በሩን ያንኳኳሉ። አንዱ የሚናገር፣ አንዱ የሚደግፍ፣ አንዷ ውኃ የምትይዝ ይሆናል። ሰው የሚወድቀው እጅ መካከል እንዲሆን ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው መሐንዲስ አልነበረም፤ ሰው ክፉ ሲሰማ ጉልበቱ እንደሚከዳው ያየ ሰው ነው። እኛ ግን ለዚያች ልጅ መርዶውን ሻማ ለጥፈን በሰማንያ አፍ ነገርናት፤ ያውም የሌለ መርዶ። ያንን መልእክት የጻፈው ልጅ ክፉ አይደለም። ቸኩሎ ነው። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ የምልህ አንድ ነገር ነው፦ የጎደለው ዋሱ ነው።

ዕቁብ ትጥላለህና ዋስ ምን እንደሆነ ላስረዳህ አይገባም። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተሸክሞ አይሄድም፤ መጀመሪያ ዋስ ይጠራል። "ቢቀር እኔ እከፍላለሁ" የሚል ሰው እስኪቆምለት ድረስ ገንዘቡ ከዳኛው እጅ አይወጣም። ሰውዬውን ሌባ ነው ብለን አይደለም፤ ወንድማችን ነው። ነገር ግን ወንድምነትና ዋስነት ለየብቻ ናቸው። ድሮማ ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ ከጠፋ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ አንተና ስልክህን ሳይ ቁራኛ ትዝ ይለኛል፤ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስልክ ወሬን ፈጣን አደረገ፤ ይህን የሚክድ የለም። ወሬን የሚዋስ ሰው ግን አላመጣም። ድሮ ወሬ የሚመጣው በሰው እግር ስለነበረ ዋሱ አብሮት ይመጣ ነበር፤ የሚነግርህን ሰው ታውቀዋለህ፣ ቀጣፊ ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ወሬው ብቻውን ይመጣል። እና ዋሱን የመጠየቁ ሥራ ወደ አንተ ዞረ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ያሉት ለዚህ ዘመን ይመስላል።

ትምክህት እንዳይመስልብኝ የራሴንም ልናገር። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ የተባለ ሰሞን አንድ መልእክት ደረሰኝ፦ ፌጦ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በባዶ ሆድ ይጠጣ ይላል። ማን እንደጻፈው አላየሁም፤ ፌጦን ግን ከእናቴ ጓዳ ጀምሮ አውቀዋለሁና የማውቀው ነገር ስለሆነ አመንኩት። ለሃያ ሰው ላክሁ። ከሃያው አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ጨጓራዋን ሁለት ቀን አስተኝቷታል። እስከ ዛሬ ፌጦ ሲነሣ በዓይኗ ትገርፈኛለች። እንግዲህ ልብ በል፤ የሚያታልለን ሁልጊዜ እንግዳ ነገር አይደለም። የለመድነው ነገር ያለ ዋስ ሲመጣ ይበልጥ ይጥለናል።

ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ በርበሬ የምትሸጠውን እትዬን ታውቃታለህ። ጥቅምት ላይ አንድ ጨዋ የመሰለ ጎረምሳ አምስት ኪሎ በርበሬ ገዛትና "ላክሁልሽ" አለ። እውነትም ስልኳ ጮኸ። ብር ደረሰሽ የሚለው መልእክት አጻጻፉ ቁርጥ የቴሌብሩን ይመስላል። ብሩን አየች፣ በርበሬውን አስረከበች። ማታ ልጇ ስታየው መልእክቱ የመጣው ከቴሌብሩ ቁጥር ከ127 ሳይሆን ከተራ ስልክ ቁጥር ነው፤ ጎረምሳው ራሱ ጽፎ የላከው። ዕዳ ከሜዳ። አሁን እትዬ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? መልእክት ሲመጣላት አታነበውም። "ቆይ ልጄ፣ ዋሱን ልጠይቀው" ትልና ሒሳቧን ትከፍታለች። ብሩ እዚያ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ፊደል በማታ ትምህርት የቆጠረች ሴት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ በጨረሳችሁት ሰማንያዎች ፊት ግን ሳቀርባት አላፍርም። "በስህተት ብር ገብቶልሻል፣ መልሺልኝ" ብሎ ለሚደውልም መልሷ ያው ነው። የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅ ደግሞ መልስም አትሰጥም፤ ደንበኛውን የሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ የሚል ባንክ እንደሌለ ታውቃለች።

ስለ ባንክ ካነሣን ያንን ሌሊት አንርሳው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ለ7 አጥቢያ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ ሰው በሒሳቡ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የጀመረበት ሌሊት። ወሬው በስልክ በየዩኒቨርሲቲው ዞረ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ የገለጸው የገንዘብ መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አንተም ያኔ ተማሪ ነበርክ። አላወጣህም፤ ለእናትህ እንደነገርካት ስልክህ ባትሪ ጨርሶ ተኝተህ ነበር። ጨዋነት ይሁን እንቅልፍ አልመረምርም፤ ሁለቱም ያድናሉ።

የገረመኝ በማግሥቱ የሰማሁት ክርክር ነው። "እኔ አልሰረቅሁም፣ ማሽኑ ነው የሰጠኝ" ይል ነበር ወጣቱ። በታክሲ ውስጥ፣ በቡና ቤት፣ በየቤቱ ይኸው ነበር ክርክሩ፤ አንዳንድ ትልልቅ ሰውም "እውነታቸውን ነው፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው" ሲል ሰምቻለሁ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ያ ገንዘብ የሰው ተቀማጭ ነው፤ ከእትዬ በርበሬ የተጠራቀመ ይሆናል። ጎረቤትህ በሩን ሳይዘጋ ቢያድር፣ "በሩ ነው ያስገባኝ" ብለህ ትከራከራለህ? ባንኩ ወዶ ለመለሰ ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱት ስማቸው ከነፎቷቸው ተለጠፈ። "አይነጋ መስሏት…" የሚለውን ተረት ታውቀዋለህ፤ ቀሪውን እናትህ ስለምታነበው አልጨርሰውም።

"ማሽኑ ነው ያለው" የሚለውን ነገር ግን በደንብ ልያዘው፤ የጥሩምባውም፣ የባንኩም፣ ነገ የሚመጣውም ነገር ሥሩ እዚህ ነውና። ይህ አባባል አዲስ እንዳይመስልህ። በእኛ አገር ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ብላቴና ይመጣል። መድኃኒት ያጠጡታል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይነሣና እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሄዳል። መድኃኒቱን ያጠጣው ሰው ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ይዞት ይከተላል፤ ሕዝቡም ከኋላ። ብላቴናው ከአንዱ ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ከወደቀ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ክፈል ይባላል፤ ይከፍላል። "እኔ አልሰረቅሁም" ቢል ማን ይሰማዋል? ብላቴናው አያውቀውም፣ አይጠላውም፣ አያዳላም፤ ሌባሻዩ ነው ያለው! ብላቴናውን ብትጠይቀው ደግሞ ምንም አያስታውስም። ሌባሻዩን የያዘው ሰው ጨርቁን ወዴት ወዴት እንደሚስበው ግን የጠየቀ አልነበረም። ኋላ በሕግ ተከልክሎ ቀረ።

አሁን አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ "ጠየቅሁት፣ እንዲህ ነው ያለኝ" ሲል ሌባሻይ ነው የሚታየኝ። አንተም እሁድ ዕለት የሌላ ከተማ ዕድሮች ጥሩምባ ትተዋል ስትል፣ የትኛው ዕድር ሲሉህ ስልክህን ነው ያሳየኸን። ማሽን አያዳላም ትላለህ። ይሁን። ጨርቁን የያዘው ግን ማን ነው? ምን አጠጥተውት ነው የተነሣው? ይህን ጠይቅ እንጂ አትጠቀምበት አላልኩህም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለቄስ ብቻ አይደለም።

ከሌባሻይ ጎን ደግሞ አፈርሳታ ነበረ። ዕቃ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ እየተጠያየቀ ነገሩ እስኪወጣ የሚቀመጥበት። አሰልቺ ነበር፤ ገበሬውን ከእርሻው እያዋለ አንገላቷል፣ የዋህም ተጎድቶበታል። ላሞግሰው አልፈልግም። ግን እዚያ ሰው ከሰው ዓይን ለዓይን ይተያይ ነበር፤ የተናገረ በነገሩ ይጠየቃል። ሁለቱንም ያወጣው ያው ሕዝብ ነው። ስለዚህ "የድሮ ሰው ያስተውል ነበር፣ የዛሬው ደነዘዘ" የሚሉትን አዛውንትም አልተከተልኳቸውም። ድሮም ያስተዋለ ነበር፣ ድሮም ደንዝዞ ብላቴና የተከተለ ነበር።

ወደ ዕድራችን ልመለስና ልጨርስ።

መዋጮው በቴሌብር ይከፈል ያልከውን እደግፍሃለሁ፤ እሁድ ሲመጣ እጄን አወጣለሁ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ከጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም የአገልግሎቱ ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን እንደበለጡ እየተናገረ ነው፤ በ2015 ሚያዝያ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀርም ባለ ታክሲው ሁሉ ወዶም ሳይወድም ለምዶታል። ገንዘብ ያዣችን ብር በፌስታል ይዘው ከሚያድሩ ይሻላል። የማይችል በእጁ ይክፈል፤ አታስገድድ። መዝገቡ ግን በወረቀት ይቅር፤ ስልክ ሲጠፋ መዝገብ አብሮ አይጥፋ።

በዓመት ሁለቴ ያልከውን ግን እቃወምሃለሁ፣ በዚህ አልመለስም። እሁድ ሰው የሚመጣው ሃምሳና መቶ ብር ሊከፍል ይመስልሃል። ባለፈው ወር ያቺ ባለ ሁለት ልጅ ባልቴት ስትመጣ ጫማዋን አየሁት፤ ክረምቱን ሙሉ ያው የተቀደደ ኮንጎ። ለዳኛው በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ እሳቸውም መዋጮዋን ለሦስት ወር ከሌላ ሣጥን ሸፈኑላት። በስልክ ብትከፍል ኖሮ "ተከፍሏል" ወይም "አልተከፈለም" ብቻ ነበር የምናየው። ሦስት እሁድ የቀረ ሰው ታሟል ወይም ተጣልቷል፤ ሄደን እንጠይቃለን። ጫማና ፊት በቴሌብር አይላክም።

ጥሩምባውን በተመለከተ እንዲህ እናድርግ። ቴሌግራሙም ይኑር፤ ሩቅ ያለው ልጃችን፣ ሥራ የዋለው ሰው በእሱ ይሰማል። የሞት ወሬ የሚጽፈው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ዝም እንዲል ቡድኑን ዝጋው፣ እንደሚቻል አንተው ነግረኸኛል። ጻፊው ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ይሁን፤ አንተ አጠገቡ ሆነህ ትተይብለታለህ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ቤቱ ድረስ ይሂድ፣ ስም ከነአባት፣ ቀብር ከነቦታው ይዞ ይመለስ፣ ዳኛው "ይጻፍ" ሲሉ ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ካለ መርዶው በሰው እጅ እንደደረሰው ይጣራ፤ እስኪደርስ ቡድኑ ላይ አንድ ፊደል እንዳይወጣ። ደመወዙም አይቀነስ። እስካሁን ስንከፍለው የኖርነው ለሳንባው ሳይሆን ለእግሩ ነው።

እነዚያን አዛውንት ደግሞ ቤታቸው ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው። "ድሮ ቀርቷል" ተብሎ ለሽማግሌ አይነገርም፤ እሳቸው ራሳቸው ድሮ ናቸው። ስልካቸው ላይ ፊደሉ አንሶባቸው ማንበብ ተስኗቸው እንደሚናደዱ ማንም አልነገረህም፤ አጉላላቸውና ያን ጊዜ ስለ ቴሌግራም የሚሉህን ስማ።

ጥሩምባ ነፊው እግሩን ስላመመው ጥሩምባው ለጊዜው እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ከአፉ በኩል ትንሽ ጎድጉዷል፤ አንድ ነሐስ የሚቀጠቅጥ ሰው ፈልግና እሁድ ከስብሰባው በፊት መጥተህ ውሰድልኝ። 3 ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ስልክህ የሚያሳይህን ሳይሆን የእኛን 3 ሰዓት።